የማን መኮንን? ከደምበጫ እስከ ቡሬ

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የሚያቀና መንገደኛ አማኑኤልን ካለፈ በኋላ ምድሩ ቀስ በቀስ ዝቅ እያለ ይቀበለዋል። ጮቄ በስተቀኝ ከሩቅ ደመና ተከናንቦ ይቀራል። ከፊት ያለው የጤፍ፣ የስንዴ፣ የበቆሎና የዳጉሳ አገር ነው። እኔ ያለፍኩት መንገዱ ያለ ስጋት ይኬድበት በነበረ ዘመን፣ በታኅሣሥ ወር ነው። ጤፉ ታጭዶ ተከምሯል፤ ባለ አውድማው በሬዎቹን እያዞረ ያበራያል፤ የባሕር ዛፉ ጥላ አስፋልቱ ላይ ተጋድሟል። ደምበጫ የምትገኘው በዚህ መካከል ነው። ሰው ወርዶ ሻይ የሚጠጣባት፣ እግሩን የሚያፍታታባት፣ ከዚያ ወደ ጅጋና ወደ ፍኖተ ሰላም የሚቀጥልባት ከተማ ናት። ብዙ መንገደኛ ከዚህ የበለጠ አያውቃትም።

እንግሊዞች ስለ 1933 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዘመቻ በጻፏቸው መጻሕፍት ውስጥ ግን የደምበጫ ስም ደጋግሞ ይነሳል። ቡሬ፣ ማንኩሳ፣ ደምበጫ፣ ደብረ ማርቆስ፦ የአንድ ጦር የግስጋሴ ጣቢያዎች ሆነው በተራ ተደርድረዋል። መጻሕፍቱን ሳነብ የሚከነክነኝ ነገር ነበር። መኮንኖቹ ሁሉ ከሌላ ጦርነት ወደ ጎጃም የመጡ፣ ከጎጃምም ወደ ሌላ ጦርነት የሚያልፉ ሰዎች ናቸው። አገሩ መተላለፊያቸው ነው። አንዱ ግን እንዲህ አልነበረም። እሱ ዳንኤል አርተር ሳንፎርድ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ስሙን የሚጠራ ሁሉ ትምህርት ቤቱን ማለቱ ነው፤ ሰውየውን ማለቱ አይደለም። የሁለት የዓለም ጦርነቶች መኮንን፣ በመካከሉም ገበሬ የነበረ ሰው ነው። የእሱን ታሪክ በመጽሐፍ ሳይሆን በመንገዱ ላይ ላንብበው ብዬ ነው ደምበጫ ላይ የወረድኩት።

መጀመሪያ የፈለግኩት ወንዙን ነው። እንግሊዞቹ «ቻራካ» ብለው የጻፉት፣ ከደምበጫ ወደ ቡሬ በሚወስደው በኩል ያለ ወንዝ። በታኅሣሥ ውኃው ሳስቶ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለሉ የሚሻገሩት ዓይነት ነው። የካቲት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. በዚህ ወንዝ ዳር የሆነው ነገር በዘመቻው ታሪክ ውስጥ ካሉት ግጥሚያዎች ሁሉ መራራው ይመስለኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቡሬን ይዞ የነበረው የጣሊያን ጦር አዛዥ ኮሎኔል ናታሌ በሺዎች የሚቆጠር ሠራዊት፣ መድፍ፣ ፈረሰኛና ብረት ለበስ መኪና ነበረው። ዙሪያውን የከበቡት ግን ከእሱ የበዙ መስለው ታዩት። ማታ ማታ ከዚህም ከዚያም ይተኮስበታል፤ ከሠራዊቱ ውስጥ እየከዳ የሚወጣው በየቀኑ በዛ፤ አርበኛው መንገዱን ይቆርጠዋል። በመጨረሻ የካቲት 25 ቀን ምሽጉን ጥሎ ወደ ደብረ ማርቆስ ማፈግፈግ ጀመረ። በመንገዱ ላይ፣ ከደምበጫ ወዲህ፣ ማንም ይኖራል ብሎ አላሰበም። ያን ጊዜ በሻለቃ ቦይል የሚመራው 2ኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ጦር ወንዙ ዳር ሰፍሮ ነበር። ጥቂት መቶ ሰዎች ናቸው። ቦታው ለመከላከል የሚመች አልነበረም፤ ከቦይል በላይ የነበሩትም ሆኑ በኋላ ታሪኩን የጻፉት በዚህ ይወቅሱታል። የናታሌ ሰልፍ መጥቶ ላያቸው ላይ ወጣባቸው።

የእነዚህን ወታደሮች ማንነት ልብ በሉ። አብዛኞቹ በደቡቡ ግንባር ጦርነቱ ሲፈታ ወደ ኬንያ ተሰደው በታቬታ የስደተኞች ሠፈር ዓመታት ያሳለፉ ኢትዮጵያውያን ናቸው። እንግሊዝ ለዓመታት እንደ ሸክም ቆጥራቸው ኖረች፤ ጣሊያን ጦርነት ስታውጅባት ግን ወታደር መሆን እንደሚችሉ ትዝ አላት። ጥቂት ወራት ሠለጠኑ፤ ከዚያ በሱዳን በረሃ በኩል ከግመል ጋር ተጉዘው እዚህ ደረሱ። በዚያ ጠዋት ከፊታቸው ብረት ለበስ መኪና ሲመጣ ፀረ ታንክ ጠመንጃ የያዙት ቦታቸውን አልለቀቁም፤ ሁለቱን አቃጠሉ። ውጊያው ለሰዓታት ቆየ። ናታሌ በብዛቱ ጥሶ አለፈ እንጂ አልደመሰሳቸውም። በዘመቻው የነበሩት የሱዳን ወታደሮች ከቡሬ ወዲህ ጠላትን እየተከታተሉ ነበር፤ ግን በጊዜ አልደረሱም። የሞተውና የቆሰለው ከዚያ ትንሽ ጦር ላይ ከባድ ነበር። ጣሊያኖቹ ደምበጫ ገብተው አልረጉም፤ የካቲት 29 ቀን ከተማዋን ለቀው ወደ ደብረ ማርቆስ ሄዱ።

በነገራችን ላይ አንባቢ ደምበጫን ከደምበጊና ጋር እንዳያምታታ። ደምበጊና ሽሬ ነው፤ በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ትናንሽ ታንኮች የተማረኩበት። ሆኖም ሁለቱ ያለ ነገር አልተቀራረቡም። በደምበጊና የተዋጋው የራስ እምሩ ጦር ነበር፤ ራስ እምሩም ያን ጊዜ የጎጃም ገዥ ነበሩ። በታንክ ላይ ዘሎ መውጣትን ከእንግሊዝ መኮንን በፊት የተማረ አገር ነው ማለት ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ጣሊያን በየከተማው ምሽግ ሠርቶ፣ ከምሽጉ ውጭ ግን መሽቶ የማይወጣበት አገር አድርገው ያቆዩት እነዚሁ የጎጃም ሰዎች ናቸው። ይህን የምለው የእንግሊዞቹን ሥራ ለማሳነስ አይደለም፤ ሳንፎርድ ራሱ ጎጃም ሲደርስ ያገኘው የተዘጋጀ እሳት መሆኑን ለማስታወስ ነው።

ከወንዙ ስመለስ ከተማው ጫፍ ላይ ጋቢ ለብሰው ፀሐይ የሚሞቁ አዛውንት አገኘሁ። ሰላምታ ሰጥቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ጣሊያን ከቡሬ ሲሸሽ እዚህ ወንዝ ላይ የተደረገውን ውጊያ ሰምተው ያውቃሉ፣ አባባ?»

«እንዴት አልሰማም! አባቴ ሲያወጋ ነው ያደግኩት።»

«አባትዎ ከማን ጋር ነበሩ?»

«ከደጃች ነጋሽ ሰዎች ጋር። ኋላ ደግሞ ከንጉሡ ጋር ማርቆስ ገብቷል።»

«እንግሊዞቹንስ ያነሷቸው ነበር?»

ሳቁ። «ግመሉን ነበር የሚያነሳው። ግመል አምጥተው ደጋ ላይ ፈጁት ይል ነበር፤ መንገዱ ሁሉ ጥንብ፣ አሞራ። ቆላ ያደገ ከብት ደጋውን መች ይችላል? እነሱ አያውቁ፤ የሚነግራቸውም አልሰሙ።»

«ስማቸውንስ? ሳንፎርድ የሚባል ሲያነሱ አልሰሙም?»

«ኧረ ልጄ፣ የፈረንጅ ስም ማን ይይዛል! ፊታቸውስ አንድ አይደል።»

ግመሉን በተመለከተ አባታቸው አልተሳሳቱም። ከሱዳን ተነስተው ወደ ጎጃም የገቡት ግመሎች 15 ሺህ ያህል ነበሩ። በዘመቻው የነበረ አለን የተባለ መኮንን በጻፈው መጽሐፍ እንደሚለው አዲስ አበባ የደረሱት 53 ብቻ ናቸው። ኮምፓስ የማይፈልግ መንገድ ነበር፤ ሽታውን ተከትሎ መሄድ ይቻል ነበር ይላል። ስሙን በተመለከተ ግን ከአዛውንቱ ጋር አልስማማም። የእንግሊዞቹ መጻሕፍት የጎጃምን ሰው «አርበኞች» በሚል አንድ ቃል ጠቅልለው ያልፉታል፤ የእኛ ጨዋታ ደግሞ እንግሊዙን በግመሉ ብቻ ያስታውሰዋል። ሁለቱም ወገን የየራሱን ሰው ብቻ በስም ይጠራል። ሳንፎርድ በሁለቱ መካከል ወድቆ የቀረ ሰው ነው።

የተወለደው በ1874 ዓ.ም. ነው። የሠለጠነው በመድፈኛነት ነው። ገና ወጣት መኮንን ሳለ፣ በ1900 ዓ.ም. ገደማ፣ አጼ ምኒልክ በነገሡበት ዘመን ኢትዮጵያን አየ፤ ከዚያ ወዲህ አገሩ ከልቡ አልወጣም። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት በሱዳን አስተዳደር ሠራ፤ አዲስ አበባም በእንግሊዝ ሌጋሲዮን አገለገለ። ጦርነቱ ሲነሳ ወደ ፈረንሳይ ግንባር ሄደ። እዚያ መድፈኛ ምን ያደርግ እንደነበር ለአንባቢ መግለጥ አያሻም፤ ያ ጦርነት የመድፍ ጦርነት ነበር። ሳንፎርድ ከፍ ያለውን የጀግንነት ኒሻን ሁለት ጊዜ ተሸልሞ ወጣ። ጦርነቱ ባለቀበት ዓመት ክርስቲን ላሽን አገባ።

ሌላው መኮንን ቢሆን እዚህ ላይ ጡረታውን ይዞ በእንግሊዝ ገጠር ጽጌረዳ ይተክል ነበር። ሳንፎርድ ሚስቱን ይዞ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ፤ ከአዲስ አበባ ሰሜን ምዕራብ፣ ሙገር ሸለቆ አፋፍ ላይ፣ ሙሎ በሚባል ቦታ እርሻ ጀመረ። ልጆቻቸው እዚያ አደጉ። አማርኛ ተማረ፤ ከባላገር ጋር ስለ ከብት፣ ስለ ዘር፣ ስለ ወሰን ተከራከረ። ጣሊያን ሊወር በተቃረበበት ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ የማጂን ገዥ እንዲያማክር ወደ ደቡብ ምዕራብ ላኩት። በ1928 ዓ.ም. አገር ሲያዝ ቤተሰቡ ሁሉን ጥሎ ወጣ።

እነዚህ የእርሻ ዓመታት በጦር መዝገቡ ላይ ባዶ ገጽ ናቸው። እንደኔ ግን መኮንኑን የሠሩት እነሱ ናቸው፤ ከፈረንሳዩ መድፍ ይልቅ። የእንግሊዙ ጄኔራል ዌቭል በ1932 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ወደ ካይሮ ጠርቶ ኢትዮጵያን በውስጥ አመጽ ማስነሳት ይቻል እንደሆነ እቅድ እንዲያዘጋጅ ሲያዘው፣ ሌሎቹ የእንግሊዝ መኮንኖች ካርታ ያያሉ፤ እሱ ሰው ያውቃል። በእርግጥ ከእሱ በፊት የሞከሩ ነበሩ። የንጉሠ ነገሥቱ ሰው ሎሬንሶ ታእዛዝ ተሸሽጎ ጎጃም ገብቶ አርበኞቹን አይቶ ተመልሷል፤ ሞኒየር የሚባል ፈረንሳዊ ኮሎኔልም ገብቶ በበሽታ እዚያው ሞቷል። የሳንፎርድ ተልእኮ ግን ለመቆየት የታሰበ ነበር። «ሚሽን 101» ተባለ። 101 የእንግሊዝ መድፍ ጥይት ማፈንጃ ፊውዝ ቁጥር ነው፤ ለአሮጌ መድፈኛ የሚገባ ስም።

ነሐሴ 6 ቀን 1932 ዓ.ም. ድንበሩን ተሻገረ። 58 ዓመቱ ነው። ነሐሴ በጎጃም ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ወንዝ ሁሉ ሞልቷል፣ ጭቃው በቅሎን እስከ ሆዷ ይውጣል። አብረውት የነበሩት ሐኪምና የሬዲዮ ሰው ያሉባቸው ጥቂት እንግሊዞች፣ የንጉሠ ነገሥቱ ወኪል አዛዥ ከበደ ተሰማ (በኋላ «የታሪክ ማስታወሻ»ን የጻፉት ደጃዝማች ከበደ) እና ስንቅ ተሸካሚዎች ናቸው። ማርትሬዛ ብር ተሸክመዋል። አርበኛው የሚፈልገውን መሣሪያ ግን የያዙት ጥቂት ነው፤ ከሱዳን በኩል ይታደል የነበረውም አሮጌ አንድ ጎራሽ ጠመንጃ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በዚህ አዝነው ተናግረዋል። ሳንፎርድን ተከትሎ የገባ ዊንሆልት የተባለ የአውስትራሊያ ሽማግሌ ነበር፤ የቀድሞ የፓርላማ አባል፣ በአንደኛው ጦርነት ቃፊር የነበረ። አህዮቹን እየነዳ ሳለ በዚያው ክረምት መጨረሻ በጠላት ተገደለ።

ሳንፎርድ ፋግታ ደረሰ፤ ከዚያም ወደ ሰከላ ዞረ። ሰከላ ግሽ ዓባይ ያለበት፣ የዓባይ መነሻ አገር ነው። እዚያ የጠበቀው ችግር የጣሊያን ምሽግ አልነበረም። ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ አብረው አይሄዱም ነበር። ሁለቱም ለዓመታት በዱር ኖረው ጣሊያንን የተዋጉ፣ ሁለቱም ተከታይ ያላቸው ናቸው። ነጋሽ የጎጃሙ ንጉሥ የተክለ ሃይማኖት ዘር ናቸው። አንዱ የሌላውን ሰው ወሰደ፣ አንዱ በሌላው ወሰን ገባ የሚለው ክርክር የቆየ ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ የጎጃም ሰው ከሸዋ ቤተ መንግሥት ጋር የነበረው ቅሬታ ገና አልበረደም፤ የጎጃም ገዥ የነበሩት ራስ ኃይሉ ከተሻሩ ገና 10 ዓመት አልሞላም። ንጉሠ ነገሥቱ ይመለሱ ቢባል ማን ይቀበላል የሚለው ጥያቄ ቀልድ አልነበረም።

ሳንፎርድ እዚህ ያደረገው ነገር በየትኛውም የጦር ትምህርት ቤት አይሰጥም። ቁጭ ብሎ አዳመጠ። አዛዥ ከበደና እሱ ባሉበት ነገሩ ተመላለሰ። በመስከረም 1933 ዓ.ም. ሁለቱ ደጃዝማቾች ሊረዳዱ፣ አንዱ የሌላውን ተከታይ ላይቀበል ተስማምተው ፈረሙ። ባላገር ይህን ዓይነት ነገር እርቅ ይለዋል፤ የእንግሊዝ ጦር ሪፖርት ስምምነት ይለዋል። ስሙ የፈለገውን ይሁን፣ ከዚያ ቀን በኋላ ቡሬን ከሰሜንም ከምዕራብም መክበብ የሚቻል ሆነ። የጣሊያኑ ጄኔራል ናሲ ሰው ልኮ ሳንፎርድን ሊያስይዝ ሞከረ፤ ባላገሩ ደበቀው። ሙሎ ላይ ከገበሬ ጋር ስለ ወሰን ሲከራከር የኖረው ሰው የወሰን ክርክር እንዴት እንደሚታረቅ ገብቶት ነበር።

ከደምበጫ በጅጋ አድርጌ ፍኖተ ሰላም ገባሁ። መንገዱ ዳር በርበሬ ተሰጥቷል፤ ምድሩ ቀይ ምንጣፍ የተነጠፈበት ይመስላል። የአካባቢው ገበሬ በበቆሎና በበርበሬ ስሙ የታወቀ ነው፤ ነጋዴው ከአዲስ አበባ ድረስ መኪና ይዞ ይመጣል። ከፍኖተ ሰላም አልፎ ማንኩሳ አለች። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያነበበ ሁሉ ማንኩሳን ሳያያት ያውቃታል፤ ታሪኩ የሚጀምረው እዚያ ነው። ደራሲው ራሱ በጦርነቱ ከራስ እምሩ ጋር ዘምቶ፣ ተማርኮ፣ ጣሊያን አገር ታስሮ የኖረ ነው። ማንኩሳ በጣሊያን ምሽግ ስትታመስ እሱ በባዕድ አገር እስረኛ ነበር።

የማንኩሳን ምሽግ የከበበው ቡስቴድ የሚባል የእንግሊዝ መኮንን ነው። የሁለት ጦርነት መኮንን በሚል ርዕስ ልብ ወለድ ልጻፍ ብሎ የተነሳ ሰው ከቡስቴድ የተሻለ ገጸ ባሕርይ አያገኝም። በ1887 ዓ.ም. ሲሎን ተወለደ። የባሕር ኃይል ካዴት ሆኖ ሳለ የአንደኛው ጦርነት ውጊያ ያለው በምድር ላይ ነው ብሎ ደቡብ አፍሪካ ላይ ከመርከቡ ጠፋ፤ በሐሰት ስም የደቡብ አፍሪካ እግረኛ ጦር ውስጥ ገብቶ ፈረንሳይ ተዋጋ፤ ኒሻን ተሸለመ፤ ስለ መክዳቱም ከእንግሊዝ ንጉሥ ምሕረት አገኘ። ከዚያ በሩስያ ከነጭ ጦር ጋር ሆኖ ቦልሼቪኮችን ተዋጋ። በ1912 ዓ.ም. በአንትወርፕ ኦሊምፒክ ተወዳደረ። በ1925 ዓ.ም. ኤቨረስትን ሊወጡ ከተነሱት አንዱ ነበር። የሱዳንን የግመል ጦር አዘዘ። በዚህ ዘመቻ የሱዳን ጠረፍ ሻለቃን መርቶ መጣ፤ ማንኩሳን በሞርታር ደበደበ፤ ከበላይ አዛዡ ከዊንጌት ጋርም ተጣላ። ከጦርነቱ በኋላ ወደ ዓረብ አገር ሄደ፤ ሙካላ፣ ኦማን፣ አቡ ዳቢ። በ1972 ዓ.ም. እዚያው ባሕረ ሰላጤው ላይ አረፈ። አስደናቂ ሕይወት ነው። ማንኩሳ ግን በዚያ ሕይወት ውስጥ ከኤቨረስትና ከአቡ ዳቢ መካከል ያለች አንዲት ገጽ ናት። ስንት ሰው በእሷ ላይ ዕድሜውን እንደጨረሰ የእንግሊዞቹ መጻሕፍት አይነግሩህም።

ቡሬ አሁን ሰፊ ከተማ ናት፤ የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርኩ መግቢያዋ ላይ ተንጣሏል። እኔ የፈለግኩት ግን በመጋቢት 1933 ዓ.ም. እዚህ የተሰባሰቡትን ሰዎች ጥላ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን ድንበር ተሻግረው በበላያ በኩል ወርደው ነበር። ናታሌ ቡሬን ከለቀቀ በኋላ ንጉሡም ሳንፎርድም እዚህ ደረሱ። ከእነሱ ጋር ዊንጌት አለ። ዊንጌት ከሳንፎርድ በ20 ዓመት ያንሳል፤ አንደኛውን ጦርነት አያውቅም። ኅዳር 11 ቀን በአንዲት አሮጌ አውሮፕላን ፋግታ አርፎ ሳንፎርድን አይቶ ተመልሶ ነበር። ከዚያ በኋላ የበላይ ማን ነው የሚለው ነገር በሁለቱ መካከል አልበረደም። ሳንፎርድ ብርጋዴር ተብሎ የንጉሠ ነገሥቱ የጦር አማካሪ ሆነ፤ ዊንጌት ሌተና ኮሎኔል ሆኖ «የጌዴዎን ጦር» ብሎ የሰየመውን ሠራዊት አዘዘ። በማዕረግ ሳንፎርድ ይበልጣል፤ በትእዛዝ ዊንጌት ይበልጣል። ሥራውን እንዲህ የከፈለው ሰው ተንኮለኛ ነበር ወይስ ሰነፍ፣ እስካሁን አልገባኝም።

ዊንጌት በጥድፊያ ያምናል፤ ሳንፎርድ በትዕግሥት። ዊንጌት በጥቂት ሰው ብዙ ጠላት ማስፈራራት ያውቅበታል፤ ናታሌን ከቡሬ ያስወጣው ይኸው ዘዴ ነው። ሳንፎርድ ደግሞ ዊንጌት ሲያልፍ ከኋላ የሚቀረው አገር ምን እንደሚሆን ያስባል። አርበኞቹ ጥቅም የላቸውም ብሎ ዊንጌት ሲያማርር፣ ሳንፎርድ በዚያ ክረምት በጭቃ ውስጥ ከማን ጋር እንደተቀመጠ ያውቃል። በመጻሕፍት ላይ ዊንጌት ጎልቶ ሳንፎርድ የደበዘዘው ዊንጌት ጦርነቱ ሳያልቅ፣ በ1936 ዓ.ም. በበርማ ጦርነት ላይ ሳለ፣ በአውሮፕላን አደጋ ስለሞተ ጭምር ይመስለኛል። በወጣትነቱ የሞተ ጀግና ታሪኩ ይሳካለታል። በአዲስ አበባ ጄኔራል ዊንጌት የሚባል ትምህርት ቤት አለ፤ ሳንፎርድ የሚባልም አለ። ሁለቱ በሕይወት ሳሉ ያልተስማሙ ሰዎች ስማቸው በየትምህርት ቤቱ በር ላይ በሰላም ተቀምጧል። ሁለተኛው በእሱ ስም ይጠራ እንጂ የጀመረችው ሚስቱ ክርስቲን ናት፤ ስለ አገሩም ሁለት መጻሕፍት ጽፋለች።

በርዕሴ ወዳነሳሁት ጥያቄ ልመለስ፤ ሳንፎርድ የማን መኮንን ነበር? ይህ ጥያቄ የተፈተነው ጎጃም ላይ አይደለም። ንጉሠ ነገሥቱ መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ፣ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ። ግንቦት 3 ቀን ሚኒስትሮች ሾሙ። ወዲያው የእንግሊዝ ጦር አስተዳደር ተቃወመ። አገሩ ከጠላት የተያዘ ግዛት ነው፤ ከጣሊያን ጋር የሰላም ውል እስኪፈረም ድረስ ንጉሡ ሙሉ ሥልጣን የላቸውም አለ። ይህን ቃል ያመጣው የአስተዳደሩ ሹም ብርጋዴር ሞሪስ ላሽ ነው፤ የክርስቲን ወንድም፣ የሳንፎርድ አማች። እህትየው በአንድ ወገን ባሏን፣ በሌላው ወገን ወንድሟን ይዛ የኖረችባቸው ወራት ናቸው። ላሽ የእንግሊዝን መንግሥት ቃል ይዟል፤ ሳንፎርድ ከንጉሠ ነገሥቱ አጠገብ አማካሪ ሆኖ ተቀምጧል። በጥር 1934 ዓ.ም. የተፈረመው የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ውል ንጉሡ ነጻ መሆናቸውን አወቀ፤ ብዙ ማሠሪያም አበጀ። ሳንፎርድ ከዚያ በኋላ በአገር ግዛት ሚኒስቴር አማካሪ ሆነ።

ቅዱስ ላደርገው አልፈልግም። የእንግሊዝ ሰው ነበር፤ የእንግሊዝ ማማከር ለኢትዮጵያ ይበጃል ብሎ ያምን ነበር፤ ይህን ያልወደዱ ኢትዮጵያውያንም ብዙ ነበሩ፤ ትክክልም ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱንም ከልክ በላይ አመነ ብዬ አስባለሁ። እሱ በሰከላ ያስታረቃቸው ሰዎችና ሌሎች የጎጃም አርበኞች ያዩት ነገር ሌላ ነው። ምሥራቅ ጎጃምን ይዞ የነበረው በላይ ዘለቀ በጥር 1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተሰቀለ። ነጋሽ በዛብህ ቢትወደድ ተብለው በትልቅ ወንበር ከተቀመጡ በኋላ በ1943 ዓ.ም. በንጉሡ ላይ አድመዋል ተብለው ታሰሩ። በቡሬና በደምበጫ ሜዳ ንጉሡን ያስገባ ጎጃም ከንጉሡ ጋር በግብርም በሹመትም እየተጣላ ኖረ። ሳንፎርድ ይህን ሁሉ አየ።

አንድ ነገር ግን አይካድም። ከዚያ ዘመቻ መኮንኖች መካከል ዊንጌት ወደ በርማ፣ ቡስቴድ ወደ ዓረብ ሲሄዱ፣ አዲስ አበባ የተወለደው ቴሲጀር እንኳ ወደ ዓረብ በረሃ ሲያልፍ፣ አሮጌው መድፈኛ ወደ እርሻው ተመለሰ። ከብት አረባ፣ አትክልት ተከለ፣ የመንግሥት ሥራውንም እስኪተው ሠራ። አብዮቱ ሊፈነዳ ሁለት ዓመት ሲቀረው፣ በጥር 1964 ዓ.ም.፣ በ89 ዓመቱ አረፈ። ሁለት የዓለም ጦርነት አይቶ ከሁለቱም የተረፈ መኮንን ነው፤ ጎጃም ውስጥ የሠራው ትልቁ ሥራ ግን ጥይት ያልተተኮሰበት ነው።